ጸሐፊው ዝም ሲል

ይህ ነገር ተጽፎ ለሰው ሊነበብ ይገባዋል ወይ እያልኩ ሁለት ሳምንት ያህል ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ጀግና የለበትም። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጨርቅ ቤት ጓዳ ቁጭ ብለው ያረጁ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ያዩ ስለነበሩ ጥቂት ሰዎች፣ ስለ ወንድሜ ስለ ዳዊትና እኔ በእሱ ላይ ስለሠራሁት ስሕተት ነው። ሌላው ቀርቶ ወንድሜ ራሱ «ይኼን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም አስተማሪዬ ጠይቀውኛል፤ የተጠየቁትን አለመመለስ ደግሞ አልለመድኩም።

ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ልጄ ሜሮን ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ዘንድሮ፣ እዚሁ ናይሮቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የፊልም ጥናት ትምህርት ገብቼ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ሜሮን «እማ፣ ሲሪየስሊ፣ አካውንቲንግ አይሻልሽም?» ብላኝ ነበር። በኋላ ግን ቦርሳ የገዛችልኝ እሷው ናት። ከሳውዝ ሲ ሰፈር ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዤ ሁልጊዜ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ። ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪያችን መጋረጃውን ጋርደው አንድ የድሮ የልብ ሰቀላ ፊልም አሳዩን። ልጆቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ ማስታወሻ ስይዝ፣ ፊልሙ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆነው፣ አንድ አጭር፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋበት ሰውዬ መድኃኒት ቤት በር ከፍቶ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀና የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። እኔም ሳላስበው «ጸሐፊው!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። አጠገቤ የምትቀመጠው ዋንጂሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እንደ አገሩ ወግ በልጄ ስም ትጠራኛለች።

«ማማ ሜሮን፣ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ተገናኝተናል።»

«ዘመድሽ ነው?»

«ፈረንጅ እኮ ነው።»

«እሱንማ አያለሁ» አለች፣ ስልኳንም ገልብጣ አስቀመጠች።

ከዚያ አስተማሪያችን የሚገባውን ክብር ስላላገኘ አንድ ተዋናይ በእንግሊዝኛ ስድስት መቶ ቃል ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ስድስት መቶ ቃል ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሜ አስረከብኩ። ሲመልሱልኝ ግርጌው ላይ «ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ሰው ከየት አወቅሽው?» የሚል ተጽፎበታል። ለዚህ መልሱ በስድስት መቶ ቃል አይሆንልኝም፤ በእንግሊዝኛም አይሆንልኝም።

ያን ጊዜ ኢስሊ ዛሬ እንደምናየው ፎቅ በፎቅ አልሆነም ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ በየቤቱ ግቢ ስድስት ሰባት ክፍል፣ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ቁጥር ስድስት ማታቱ ከነሙዚቃው ጫፍ ላይ ያወርደንና ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንገባለን። ቁጥር ዘጠኝ ግን ደፋር ነበር፤ እስከ ውስጥ ይገባል፤ ለድፍረቱም ሁለት ሽልንግ ይጨምራል። ወንዶቹ ከጊኮምባ ገበያ የተገዛ ሰልባጅ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ኪሱ ውስጥ አንዳንዴ የሌላ አገር የአውቶቡስ ትኬት የሚገኝበት። እኛ ሴቶቹ ጉርድ ቀሚስና ሹራብ፣ ከላይ ሌሶ የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ እንደርባለን። ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ አንዱ ሁለት ሽልንግ፣ አንድ ስኒ የወተት ሻይ አምስት ነበር። ሁላችንም ወደ ሌላ አገር የሚያሻግር ወረቀት ጠባቂዎች ነን። ሰው ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ፋይልህ የት ደረሰ?» ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ የማውቀው ነገር አንድ የመስጊድ በርና አንድ የውሃ ቧንቧ ብቻ ነው፤ ቧንቧውም አይፈስም።

ጋሽ ኑረዲን የሞያሌ ነጋዴ ነበሩ። ጨርቅ በጣቃ እያመጡ ይሸጣሉ፤ ሱቃቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የውስጠኛው መጋዘን ነው። አንድ ቀን ፓርክላንድስ ሰፈር ለአንድ ሕንዳዊ ደንበኛቸው ጨርቅ ሊያደርሱ ሄደው፣ ሰውየው የቪዲዮ ማከራያውን ሊዘጋ ዕቃ ሲያወጣ ደረሱ። አዳዲሶቹን ካሴቶች ሰው ወስዷቸዋል። የቀሩት ማንም ያልፈለጋቸው ጥቁርና ነጭ የልብ ሰቀላ ፊልሞች ነበሩ፤ ሁለት ካርቶን። ጋሽ ኑረዲን ካርቶኖቹን ከአንድ አሮጌ ዴክ ጋር አመጧቸው። እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ካሴት ብቻቸውን አይተው፣ በማግስቱ እኔ የማስተምርበት የቤተ ክርስቲያናችን የእንግሊዝኛ ክፍል ድረስ መጡና በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እሳቸው እስላም፣ ቦታው የጴንጤ አዳራሽ፤ ሰዉ ሁሉ ግራ ተጋብቶ ያያቸዋል።

«ገነት ልጄ» አሉኝ፣ «አንዲት ሴትዮ ጀልባ ላይ ተገድላለች። ማን እንደገደላት አይቻለሁ፤ ለምን እንደገደላት ግን አልገባኝም። እንቅልፍ ነሳኝ። መጥተሽ ንገሪኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስዋሂሊውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነውና ማንም አይሳሳትም፣ ሱቁ ይዘጋና በጣቃዎቹ ላይ እንደረደራለን። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በፖሊስተር ክምር ላይ ተቀምጧል። እኔ በስተቀኙ ቆሜ እተረጉማለሁ። ሪሞቱ በጋሽ ኑረዲን እጅ ነው፤ ሰው ሲከራከር ያቆሙታል። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግን የግድ ይቆማል፤ ይህ ሕጋቸው ነበር፤ «ፍርድ» እንለዋለን። እያንዳንዱ ሰው ጥፋተኛው ማን እንደሆነና ለምን እንደጠረጠረው ይናገራል። የተሳሳተ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንዳዚ ያመጣል። የጋሽ ኑረዲን ሚስት እትዬ ዘሀራ ሁልጊዜ «የቤት ሠራተኛዋ ናት» ይሉ ነበር።

«በዚህ ፊልም የቤት ሠራተኛ የለችም እኮ፣ እትዬ ዘሀራ።»

«እንግዲያው ተደብቃለች።»

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ልክ ሆኑ። ለአንድ ወር ከአፋችን እንዳይወርድ አደረጉት።

ስለ ተዋንያኑ ያስተማረን ይህ ፍርድ ነው። ስማቸው በትልቁ የሚጻፈው መልከ መልካሞቹ ዓይን ዓይንህን አይተው ይናገራሉ፤ አይደናቀፉም፤ ሲጋራቸው እንኳ አይጠፋም። እኛ ግን ቀስ በቀስ ከኋላ ያሉትን ማየት ጀመርን። ሻንጣ የሚያነሳውን፣ ስልክ የምታገናኘውን፣ ለመርማሪው በር የምትከፍተውን አሮጊት። ከሁሉም በላይ አንዱን ወደድነው። በካሴቶቹ ውስጥ አምስት ጊዜ አገኘነው፤ አንዴ የመድኃኒት ቤት ደንበኛ፣ አንዴ የጀልባ ትኬት ቆራጭ፣ አንዴ የሟች ጎረቤት። ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ ዳዊት «ይኼ ሰውዬ የቀበሌ ጸሐፊ ነው የሚመስለው» አለና ስሙ ጸሐፊው ሆኖ ቀረ። ሁልጊዜ ይጠረጠራል፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። እጁን በመሐረብ ይጠርጋል፤ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ይተወዋል። እውነተኛ ስሙ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ጋሽ ኑረዲን ደግሞ ከዚያ በፊት ዴኩን ስለሚያጠፉት፣ አንድም ቀን አላነበብነውም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በትርጉሜ እኮራ ነበር። ማንም ሳያዝዘኝ ቤቴ በደብተር እየተዘጋጀሁ እመጣለሁ። ሰው ግራ እንዲገባው አልፈልግም። ጸሐፊው «እኔ... ማክሰኞ... አይ፣ እንግዲህ...» ሲል፣ እኔ «ማክሰኞ ነበር» እላለሁ። ዝም ሲል ደግሞ «ፈርቷል» ወይም «ነገር ሊደብቅ ነው» ብዬ ዝምታውን እሞላዋለሁ። ዝም ብዬ መቆሜ ሥራዬን መተው ይመስለኝ ነበር።

ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰናይት የምትባል የመዘምራን ጓደኛዬን አግብቶ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው የእሷ ጉዞ ደረሰ። ፋይሏ ከጋብቻው በፊት ከእናቷ ጋር የተከፈተ ስለነበር፣ ባሏን ልጨምር ብትል እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል ተባለ። ስለዚህ እርጉዝ ሆና ቀድማ ሄደች፤ ሩቅና ብርዳም አገር ነው። በስድስት ወር ይከተላታል ብለን ነበር። ሕፃኗ ሊዲያ እዚያ ተወለደች። ዳዊት ልጁን የሚያውቃት በፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ፎቶው በመጣ ቁጥር አሮጌውን ከኪሱ አውጥቶ አዲሱን ይተካል። እሱ የሚጠብቀው የጉዞ ፈቃድ ቃለ መጠይቅ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነበር፤ ጋብቻው እውነተኛ ነው ወይስ ለወረቀት የተደረገ? እሱ እዚህ ይጠየቃል፤ እሷ እዚያ ትጠየቃለች፤ መልሱ ይነጻጸራል።

በኢስሊ ሻይ ቤቶች «ያመነታ ይወድቃል» ይባል ነበር። እኔም አመንኩ። ደብተር ገዝቼ አርባ ጥያቄ ከነመልሱ ጻፍኩ። ስለ መጋረጃው ቀለም፣ ስለ ሠርጉ ዕለት ምሳ፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ። በመካከሉ አንድ እንቅፋት ገጠመኝ። መጀመሪያ የት ተገናኛችሁ ብዬ ብጠይቀው ዳዊት «ማታቱ ማቆሚያው ጋ፤ ዝናብ ነበር» አለ። ሰናይት ደግሞ በደብዳቤ «በመዘምራን ልምምድ ላይ» ብላ ጽፋልኛለች።

«የቱ ነው እውነቱ?» አልኩት።

«የእኔ ነዋ። እሷ ያን ቀን አላየችኝም።»

«ሁለታችሁም አንድ ነገር መናገር አለባችሁ።»

«ገኒ፣ በዚህ ነገር እኮ ሦስት ጊዜ ተጣልተናል።»

«መጣላቱን ስትገናኙ ትቀጥላላችሁ» አልኩና «በአንድ ዝናባማ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመዘምራን ልምምድ መልስ» ብዬ አስተካክዬ ጻፍኩት። ግልባጩን ለሰናይት በፖስታ ላክሁ። ዳዊትን ደግሞ እንደ መልከ መልካሞቹ ተዋንያን ዓይን ዓይን እያየ፣ ሳይደናቀፍ እንዲመልስ ለአንድ ወር አለማመድኩት። ሽማግሌ ፊት ዓይኑን መስበር ነውር ሳይሆን ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው፤ ያንን ከውስጡ አወጣሁበት።

ከቃለ መጠይቁ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር። «አርባውንም መለስኩ፤ አንዴም አልቆምኩም» አለኝ። ከአራት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። የእሱና የሚስቱ መልስ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ጋብቻው እውነተኛ ነው ብሎ ለመቀበል እንደማይቻል ይገልጻል። ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋይሉ ይዘጋል። ደብዳቤውን ለዳዊት ያነበብኩለት እኔው ነበርኩ። የሊዲያን ፎቶግራፍ አውጥቶ አየና መልሶ ከተተው። ያን ቅዳሜ አልመጣም፤ የሚቀጥለውንም እንዲሁ።

ጋሽ ኑረዲን ነገሩን ሰምተው ደብተሩን አምጪ አሉኝ። አንብቢልኝ አላሉም፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው ጽሕፈቴን ብቻ አዩና መለሱልኝ።

«ሥርዝ ድልዝ የለውም» አሉኝ።

«አዎ፣ ሦስት ጊዜ ነው የገለበጥኩት።»

«ገነት ልጄ፣ ብትቆጪም ልንገርሽ። አንቺ ጸሐፊውን አታስወሪውም።»

«እንዴት? እኔ አይደለሁ የምተረጉመው?»

«እሱ ዝም ሲል አንቺ ታወሪያለሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ዘሀራን ጠይቂ።»

እትዬ ዘሀራ ክር እየጠቀለሉ ነበር። «እኔማ ፈሪ ነው ብዬ ነበር የማስበው» አሉ። «ፈርቷል ፈርቷል ትያለሽና።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኑረዲን ዳዊትን ራሳቸው ሄደው አመጡት። ብዙ ጊዜ ያየነውን የጀልባውን ፊልም ከተቱ፤ እኔን ጣቃ ላይ አስቀምጠው ዛሬ ትርጉም የለም አሉ። መጀመሪያ ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ መርማሪው ትኬት ቆራጩን የሚጠይቅበት ቦታ ደረሰ። ሟች ከማን ጋር ተሳፈረች? ጸሐፊው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። መልስ የለም። ወደ መስኮቱ ያያል። ጣቱ በባርኔጣው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ያ ሁሉ ጊዜ እኔ «ፈርቷል» ስል የኖርኩት እዚህ ላይ ነው። ስመለከተው ምንም ፍርሃት የለበትም። ሴትዮዋን እንደገና እያያት ነበር፤ ስትመጣ፣ ድልድዩን ስትወጣ፣ ስታልፈው። ከዚያ በቀስታ ሻንጣውን የያዘችው በግራ እጇ ነበር አለ። ይህችን ብቻ። መልከ መልካሙ ተዋናይ በአንድ ሙሉ ፊልም ያላደረገውን ይህ ሰው በአንድ ዝምታ አደረገው፤ አስታወሰ፤ ሲያስታውስም አየነው። ዳዊት ወደ እኔ ዞር ብሎ «ገኒ፣ ደብተሩን ጣይው» አለኝ። ማታቱ እስክንሳፈር አልጠበቅኩም፤ እዚያው ለእትዬ ዘሀራ ምድጃ ሰጠኋቸው።

ይግባኝ ብለን ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ እስኪደርስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም። ከባድ ነበር፤ ዕለቱ ሲቃረብ ለመጻፍ እጄን ይበላኝ ነበር። ዳዊት ለሰናይት ስልክ ደውሎ «እንደምታስታውሺው ተናገሪ፤ እኔም እንደማስታውሰው እናገራለሁ» ብቻ አላት። በዕለቱ እስከ ቢሮው በር ሸኘሁትና መንገድ ማዶ ካለ ኪዮስክ አጠገብ ቆምኩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየ። ወጥቶ የነገረኝን እንዳለ እጽፋለሁ። ጠያቂዋ በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። ብዙ ነገር «አላስታውስም» አላት። የመጋረጃውን ቀለም አላስታወሰም። ከዚያ መጀመሪያ የት እንደተገናኙ ጠየቀችው። ዝም አለ።

«ምን ያህል ዝም አልክ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ።»

«ከዚያስ?»

«ማታቱ ማቆሚያው ጋ ነው፤ እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው ትላለች፤ በዚህ ተስማምተን አናውቅም አልኳት። ያን ቀን የእሷ ጃንጥላ ተሰብሮ ነበር፤ ሽቦውን በጥርሷ ስታቃና አየኋት፤ እሷ ግን አላየችኝም አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ፊቷ ያለውን ወረቀት ገለጠች። ሚስቴ ‹እሱ ማታቱ ማቆሚያው ጋ ነው ማለቱ አይቀርም፤ አትመኑት› ብላ መልሳላቸዋለች። ሴትዮዋ አነበበችልኝና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።»

ፈቃዱ በሦስተኛው ወር መጣ። ሐኪም ምርመራ፣ የጉዞ ወረቀት፣ ሌላ ሐኪም። ጋሽ ኑረዲን ለኮት የሚሆን ወፍራም ሱፍ ቆርጠው ሰጡት፤ እትዬ ዘሀራ ብርዱን ሰምተው ሁለት ሜትር አስጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰቡ ብዙም አልቆየም። ሰዉ እየሄደ አለቀ፤ ዴኩም ጭንቅላቱ ተበላሽቶ ካሴት ማኘክ ጀመረ። ጋሽ ኑረዲን ዛሬ በሕይወት የሉም። ካሴቶቹ የት እንደደረሱ እትዬ ዘሀራም አያውቁም፤ ባለፈው ወር ኪሌሌሽዋ ሰፈር ልጃቸው ቤት ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። በኮሌጁ ፊልም መጨረሻ ላይ ግን ስሞቹ እስኪያልፉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የእሱ ስም አሥራ አንደኛው ላይ ነበር። ዋንጂሩ አብራኝ ጠበቀች።

ዳዊት ከናይሮቢ የተነሳው ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እዚያ ሲደርስ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ አላለቀም። ሊዲያ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበርና እንግዳው ሰው ሲገባ ከእናቷ ጀርባ ተደበቀች። እሱ ሲነሳ ትነሳለች፤ እሱ ካለበት ክፍል ትወጣለች። እኔ በስልክ ብዙ ምክር ሰጠሁት፤ ከረሜላ ግዛ፣ ዘፈን ዝፈንላት። ምንም አላደረገም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ጠበቃት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ቤቱ ስልክ ተደወለ። እሱ ነበር። ሊዲያ ሁለቱን ጫማዎቿን ይዛ መጥታ እግሯን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠችለት፣ እሱም ግራና ቀኙን አሳስቶ እንዳጫማት፣ እሷም ሳታስወልቀው አድርጋው እንደዋለች ነገረኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ግንቦት ሁለት ቀን።